የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የገንዘብ አቅርቦት

የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር (በተለምዶ «ኮንዶሚኒየም») ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን ነዋሪዎች የቤት ባለቤት ለማድረግ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው አስተዳደር የተካሄደ የግንባታ ሥራ ነው። የተጀመረው በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ሲሆን የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት (ጂቲዜድ) በአነስተኛ ወጪ የመገንባት ስልት ድጋፍ አድርጓል። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በአንድ ፎቅ ውስጥ ያለን አንድ ቤት ለብቻው በስም መያዝን ፈቅዷል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

አስተዳደሩ ቦንድ ያወጣል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይገዛዋል። በዚህ ገንዘብ ተቋራጮች ይከፈላሉ፣ ሲሚንቶና ብረትም በጅምላ ይገዛል። ቤቱ ሲያልቅ በዕጣ ይተላለፋል። ዕድለኛው ቅድሚያ ክፍያውን ይከፍላል፤ ቀሪውን ያው ባንክ ያበድረዋል። ስለዚህ ለገንቢውም ለገዢውም ብድሩ የሚወጣው ከአንድ ካዝና ነው። ግንባታው በዘገየ ቁጥር የቦንዱ ወለድ ይቆጠራል።

የመሸጫ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ልዩ ልዩ መንገዶች ተሠርቶባቸዋል። የመሬት ዋጋ በቤቱ ዋጋ ላይ አይታሰብም። ምድር ቤት ላይ ያሉ ሱቆች በጨረታ በገበያ ዋጋ ይሸጡና ትርፉ ለመኖሪያዎቹ መደጎሚያ ይውላል። ትናንሾቹ ቤቶች በካሬ ሜትር ከትላልቆቹ በርካሽ ይተመናሉ። ብሎኬት፣ በርና መስኮት የሚያመርቱ ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ደግሞ አስቀድሞ የተረጋገጠ ገበያ ስለነበራቸው ብዙ ወጣቶች ሥራ አግኝተዋል።

ቁጠባና ወረፋ

በሰኔ 2005 ዓ.ም. አዲስ ምዝገባ ሲከፈት ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። መርሐ ግብሮቹ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ይባላሉ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ቆጣቢው የሚያዋጣው፣ ሁለተኛው ባንኩ የሚያበድረው መቶኛ ነው። 10/90 ለዝቅተኛው ገቢ የተመደበ ባለ አንድ ክፍል (ስቱዲዮ) ቤት ሲሆን ወርኃዊ ቁጠባው 187 ብር ነበር፤ በዓመት 2,244 ብር ይሆናል። በወቅቱ ቀላል የማይባል ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ብሩ በባንክ በተቀመጠባቸው ዓመታት የሲሚንቶ፣ የብረትና የቤት ኪራይ ዋጋ ብዙ እጥፍ ጨመረ። ቆጣቢው ኪራይም ቁጠባም አንድ ላይ መክፈል ነበረበት።

የዚህ አሠራር ዋና ችግርም እዚህ ላይ ነው። ድጎማው ያለው በቤቱ ዋጋ ውስጥ ስለሆነ ዕጣ የወጣለት ሰው ሙሉውን በአንድ ጊዜ ያገኛል፤ ያልወጣለት ምንም አያገኝም፤ ይልቁንም በመጠበቁ ይከስራል። በዕጣ የተገኘ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ቢከለከልም ማከራየት ስለሚቻል፣ ወርኃዊ የባንክ ዕዳውን መክፈል የከበዳቸው ብዙ ዕድለኞች ቤቱን አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ቦታ ተከራይተዋል።

ከቤቶቹ 30 በመቶ ለሴቶች ቅድሚያ ይሰጣል፤ በቀሪውም ይወዳደራሉ። ከመሀል ከተማ በልማት የሚነሡ ሰዎችም ከተሠሩት ቤቶች ስለሚሰጣቸው ለቆጣቢዎች የሚተርፈው ያንሳል። በ40/60 የመጀመሪያ ዕጣ በ2009 ዓ.ም. የቀረቡት ቤቶች 972 ብቻ ሲሆኑ፣ ሙሉ ዋጋውን አስቀድመው የከፈሉት ሰዎች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣላቸው ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች መካከል የኮዬ ፈጬዎቹ በከተማውና በኦሮሚያ ወሰን ጉዳይ ተቃውሞ አስነሥተዋል።

የ2014ቱ ዕጣ

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶች በኮምፒውተር የወጣው ዕጣ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። ምክንያቱ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም በመረጃው ውስጥ መገኘቱ ነው። ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም መጻፍ ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ወደ ፕሮግራሙ የሚገባውን የስም ዝርዝር ከባንኩ የቁጠባ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ማንም እንዳይነካው መጠበቅ ነው። ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. በሌላ ሥርዓት በድጋሚ ወጥቷል።

ከዚያ ወዲህ አስተዳደሩ በራሱ ከመገንባት ይልቅ ለግል አልሚዎች መሬት እያቀረበ በሽርክና ወደ መሥራት አዘንብሏል። አቅም ያላቸው ተመዝጋቢዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ መሬት ከከተማው ወስደው እንዲገነቡ ተፈቅዷል። ሁለቱም መንገዶች ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ለሚችል ሰው ይመቻሉ፤ በወር 187 ብር ይቆጥብ ለነበረው የ10/90 ተመዝጋቢ ግን አይደርሱም።