የራቬና ገነትና ከግድግዳ የተፋቁት ሰዎች



ዛሬ የምናወሳላችሁ በኢጣሊያ አገር በራቬና ከተማ ስለሚገኘው ሳንት አፖሊናሬ ኑኦቮ ስለሚባለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና በግድግዳው ላይ ስለ ተሠራው የገነት ሥዕል ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው በ526 ዓ.ም. የሞተው የጎት ንጉሥ ቴዎዶሪክ ነው። ሥዕሉ በቀለም የተቀባ ሳይሆን፥ ጥቃቅን የድንጋይና የመስተዋት ጠጠሮች ባልደረቀ ኖራ ላይ እየተተከሉ የተሠራ ነው፤ ይህም ጥበብ ሞዛይክ ይባላል። የወርቁ ጠጠር በሁለት መስተዋት መካከል ስስ ወርቅ ገብቶበት የሚሠራ ስለሆነ፥ ብርሃን ባረፈበት ጊዜ ግድግዳው ያበራል።

በቀኝ በኩል 26 ሰማዕታት፥ ክርስቶስ በአራት መላእክት መካከል ወደ ተቀመጠበት ዙፋን ይጓዛሉ። በግራ በኩል ደግሞ 22 ደናግል ሰብአ ሰገልን ተከትለው፥ እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ወደ ተቀመጠችበት ዙፋን ይሄዳሉ። አክሊላቸውንም በእጃቸው ይዘዋል። የሰማዕታቱ ነጭ ልብስ ዮሐንስ በራእዩ በዙፋኑ ፊት ቆሞ ያየውን ሕዝብ ያሳስባል፤ በመካከላቸው የበቀለው ዘንባባና አበባ ያለበት መስክም የገነት ምልክት ነው።

ነገር ግን ይህ ገነት በአንድ ዘመን የተሠራ አይደለም። ቴዎዶሪክና ወገኖቹ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘውን የአርዮስን ትምህርት የሚከተሉ ነበሩ። በ540 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ጦር ራቬናን ያዘ። በ561 ዓ.ም. ገደማም ቤተ ክርስቲያኑ የኒቅያን ሃይማኖት ለሚከተሉት ተሰጠ፤ ሊቀ ጳጳሱ አግኔሉስም ሥዕሉ እንዲለወጥ አደረገ። ሊቃውንት እንደሚገምቱት፥ ዛሬ ሰማዕታቱና ደናግሉ በሚታዩበት ስፍራ ቀድሞ የነበሩት ንጉሡና መኳንንቱ ናቸው።

ለዚህም ምስክሩ በዚያው ግድግዳ ላይ የተሠራው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ሥዕል ነው። በዓምዶቹ መካከል ቆመው የነበሩት ሰዎች ተፍቀው በስፍራቸው መጋረጃ ተሠርቷል። ሆኖም ሠራተኞቹ ዓምዶቹን ስላልነኩ፥ በዓምዶቹ ላይ ተዘርግተው የነበሩ እጆች ከነጣታቸው ቀርተዋል።

በሌላው ወገን ደግሞ፥ ከላይ የጌታን ሕይወት የሚያሳዩት 26 ሥዕሎች ከቴዎዶሪክ ዘመን የመጡ ሲሆኑ፥ ማንም አልፋቃቸውም። ሁለቱ ወገኖች ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቢጣሉም፥ ስለ ተአምራቱና ስለ ሕማሙ የተሣለውን ግን በአንድነት ተቀብለውታል። የተፋቁት ሰዎቹ ናቸው።

እንግዲህ በዚህ ግድግዳ ላይ በገነት ስፍራ ይሰጥና ይነሣ የነበረው የምድር ሥልጣን እንደ ነበረ እንረዳለን። ስለዚህ ጥንታዊ ሥዕል በተመለከትን ጊዜ፥ በዚያ የቆመውን ካደነቅን በኋላ፥ ቀድሞ በስፍራው የቆመው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባናል። በራቬና የቀሩት እጆች ባለቤቶቻቸው ከጠፉ ከ1400 ዓመታት በላይ ቢሆናቸውም፥ እስከ ዛሬ ድረስ በዓምዶቹ ላይ ይታያሉ።