ከሕመሙ በኋላ የቀረው ፍርሃት፦ ከጥርስ ሕክምና ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1578 ዲሴምበር ወር የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በጥርስ ሕመም እንቅልፍ አጥተው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥርሱ መነቀል እንዳለበት ቢነገራቸውም ሥቃዩን ፈርተው አሻፈረኝ አሉ። በዚያን ጊዜ የለንደን ጳጳስ የነበሩት ጆን ኤልመር ዕድሜያቸው የገፋ፣ የቀሯቸውም ጥርሶች ጥቂት ነበሩ። ቢሆንም በንግሥቲቱ ፊት ተቀምጠው ከጥርሶቻቸው አንዱን አስነቀሉ። ንግሥቲቱም ይህን ካዩ በኋላ የእርሳቸው ጥርስ እንዲነቀል መፍቀዳቸውን የጳጳሱ የሕይወት ታሪክ ይተርካል።

ይህ ታሪክ ለዘመናችን ሐኪምም ሆነ ታካሚ ትምህርት አለው። የንግሥቲቱን ልብ የመለሰው ምክርና ተግሣጽ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው። ፍርሃታቸውም ቢሆን በዘመኑ ተገቢ ፍርሃት ነበር። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ጥርስ በየገበያው በሚዞሩ ነቃዮች ይነቀል ነበር። ታካሚው መሬት ላይ ይቀመጥና ራሱ በነቃዩ ጉልበቶች መካከል ይያዛል። የዘመናዊ ጥርስ ሕክምና አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ ነቅፎ ታካሚው በወንበር ላይ እንዲቀመጥ መከረ። የታካሚው ክብር ተሻሻለ፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ሕመሙን የማስወገዱ ሥራ የተጀመረው በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነው። በዲሴምበር 10 ቀን 1844 በአሜሪካ የሃርትፎርድ ከተማ፣ ጋርድነር ኮልተን የተባለ ሰው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ለሕዝብ መዝናኛነት አቅርቦ ነበር። ጋዙን የሳበ አንድ ወጣት እግሩ ቆስሎ ሳለ ሕመሙ እንዳልተሰማው የጥርስ ሐኪሙ ሆራስ ዌልስ አስተዋለ። ዌልስ ሙከራውን በሌላ ሰው አልጀመረም። በማግስቱ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ኮልተን ጋዙን ሰጠው፤ የሙያ ባልደረባው ጆን ሪግስም መንጋጋ ጥርሱን ነቀለለት። ሕመም አልተሰማውም።

በጃንዋሪ 1845 ግን ዌልስ ግኝቱን በቦስተን ሲያሳይ ታካሚው በመጮኹ ተመልካቾች ተሳለቁበት። በ1848 የሞተው የሚገባውን ክብር ሳያገኝ ነው። የቀድሞ ባልደረባው ዊሊያም ሞርተን በሴፕቴምበር 30 ቀን 1846 በኤተር አማካይነት ጥርስ ያለሕመም ነቀለ፤ በኦክቶበር 16 ቀንም በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ኤተር ሰጠ። ከዚያ በኋላ ማደንዘዣ በዓለም ተስፋፋ። የዌልስን ጋዝም ኮልተን በ1863 ለጥርስ ሕክምና እንደገና አነሣው።

ታካሚው ሳይተኛ አንዱን ስፍራ ብቻ ማደንዘዝ የተቻለው ደግሞ በ1884 ካርል ኮለር በቪየና የኮኬይንን የማደንዘዝ ኃይል በዓይን ሕክምና ካሳየ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሃልስተድና ባልደረቦቹ ወዲያው የታችኛውን መንጋጋ ነርቭ በኮኬይን መርፌ ማደንዘዝ ጀመሩ። ነገር ግን ኮኬይን ሱስ ያስይዛል፤ ሃልስተድ ራሱም በሙከራው ምክንያት የሱሱ ሰለባ ሆኗል። ጀርመናዊው አልፍሬድ አይንሆርን በ1904 ፕሮኬይንን፣ ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን ከቤንግት ሉንድክቪስት ጋር በ1943 ሊዶኬይንን አስገኙ። ሊዶኬይን እስከ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል።

እንግዲህ ሕመሙ ከተሸነፈ ፍርሃቱ ለምን ቀረ? አሜሪካዊው ተመራማሪ ኖርማን ኮራ በ1969 የጥርስ ሕክምና ፍርሃትን ለመለካት ያዘጋጀው መጠይቅ አራት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። እነርሱም ነገ ቀጠሮ ቢኖርዎ፣ በመጠበቂያው ክፍል ሲቀመጡ፣ ወንበሩ ላይ ሆነው መሰርሰሪያው ሲዘጋጅ፣ የማጽጃ መሣሪያዎች ሲወጡ ምን ይሰማዎታል የሚሉ ናቸው። ከአራቱ አንዱም ሕመም በሚሰማበት ቅጽበት ላይ አይደለም፤ ሁሉም ስለ መጠበቅ ናቸው። ፍርሃት ከሕመሙ አስቀድሞ የሚመጣ የትዝታ ልጅ ነው። አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ይህንኑ ነው። በአገራችንም በልጅነቱ ያለማደንዘዣ ጥርሱ የተነቀለ ሰው፣ ዛሬ የመሣሪያውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ቢሸሽ ሊያስገርመን አይገባም።

የሚያሳዝነው፣ ሽሽቱ የተፈራውን ሕመም መልሶ የሚያመጣ መሆኑ ነው። ቀጠሮውን የሰረዘ ሰው ለጊዜው እፎይ ይላል፤ ይህ እፎይታ ግን ለሚቀጥለው ሽሽት ያደፋፍረዋል። በመጀመሪያ በቀላሉ ሊሞላ ይችል የነበረው ጥርስ እስከ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ከዚያም ይመግላል። ብግነት ያለበት ሥጋ አሲዳማነቱ ስለሚጨምር የማደንዘዣው መድኃኒት ወደ ነርቩ ዘልቆ የመግባት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣው ታካሚ በእርግጥ ያመዋል፤ ፍርሃቱም «ትክክል ነበርሁ» ይላል። ከዚህም የከፋ አለ፤ ከጥርስ የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ሲዛመት የአየር መተላለፊያን ዘግቶ ሊገድል ይችላል።

መፍትሔውም ከታሪኩ ውስጥ ይገኛል። በ1959 ሃርቪ አድልስተን ለሕፃናት ታካሚዎች ያስተማረው ዘዴ «ንገረው፣ አሳየው፣ ከዚያ ሥራ» የሚል ነው። በ1967 አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ፣ ውሻ የሚፈሩ ሕፃናት ሌላ ልጅ ያለፍርሃት ከውሻ ጋር ሲጫወት በተደጋጋሚ ሲያዩ ፍርሃታቸው እንደሚቀንስ አሳዩ። ጳጳሱ ከአራት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት ያደረጉትም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ስለዚህ የሚፈራ ሰው ፍርሃቱን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። የመጀመሪያውን ጉብኝት ለምርመራ ብቻ ያድርገው፤ ሕመም ሳይጀምረውም ይምጣ። እጁን ሲያነሣ ሥራው እንዲቆም ከሐኪሙ ጋር ይስማማ። ፍርሃቱ ለጸናበትም የሥነ ልቦና ሕክምናና ማረጋጊያ መድኃኒት አሉለት። ሐኪሙም «ይህ ምን ያስፈራል?» ከማለት ይቆጠብ፤ ስፍራው መደንዘዙን ሳያረጋግጥ አይጀምር፤ እጅ ሲነሣም በእርግጥ ያቁም። ቃሉን አንድ ጊዜ ያጠፈ ሐኪም የሚያጣው ያንን ታካሚ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ሊመጡ የነበሩትን ልጆቹንም ነው።

ወላጆችም እንደ ጳጳሱ ጥርሳቸውን መሠዋት አያስፈልጋቸውም። ለራሳቸው ምርመራ በሄዱበት ቀን ልጃቸውን አስከትለው፣ እናቱ ወይም አባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው በደኅና ሲነሡ እንዲያይ ማድረግ ይበቃል።