ርስት፣ ዘርና የእጅ ሥራ በዳሞት

በጎጃም፣ ደምበጫና ቡሬ በሚገኙበት በዳሞት አገር፣ ገበሬ ያለ ቀጥቃጭ ማረስ አይችልም ነበር። ማረሻውና ማጭዱ ከቀጥቃጩ ወናፍ፣ ምጣዱና ጋኑ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ፣ ጠፍሩና ስልቻው ከፋቂው፣ ጋቢው ከሸማኔው ይመጣ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ገበሬው ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፤ ልጁንም አይድርለትም፤ ሌሊት ጅብ የሚሆን ቡዳ ነው ብሎም ይፈራው ነበር። ከምዕራቡ ቆላ በወረራ ተማርኮ የመጣው የጉሙዝ ሰው ደግሞ በመልኩ ጥቁረት ተለይቶ በባርነት ስም ይጠራ ነበር። እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ፣ ሥራቸው ይህን ያህል የሚፈለግ ሰዎች ራሳቸው ስለ ምን ተናቁ የሚል ነው።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ፣ አገሩ የእጅ ሥራን ይንቃል የሚል ነው። ነገር ግን ገበሬውም በእጁ የሚሠራ ነው፤ በጭቃውና በላቡም አያፍርም። የልዩነቱ ሥር በርስት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። አሜሪካዊው የኅብረተ ሰብ አጥኚ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያወጣው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዚያ አገር ርስት የሚጠየቀው መሬቱን አስቀድሞ ከያዘው ከዋናው አባት ጀምሮ፣ በአባትም ሆነ በእናት በኩል፣ ትውልድ ተቆጥሮ ነበር። ይህ ሥርዓት ለባላገሩ ሰፊ በር ነበር፤ በየወገኑ ቆጥሮ ክርክር ማንሣት ይችል ነበርና። በአገሩ የሚቆጥረው አባት ለሌለው ግን በሩ ዝግ ነበር። የባሪያው አባት ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ጥበበኛውም ከባላገሩ ጋር ስለማይጋባ ወደ ዘር ቆጠራው የሚገባበት መንገድ አልነበረውም። እስላሙም በአብዛኛው ከርስት ስለ ተከለከለ ወደ ሽመናና ወደ ንግድ አዘነበለ። ስለዚህ ሥራው ንቀትን ወለደ ከማለት ይልቅ፣ ርስት ማጣት ሰውን ወደ ተናቀው ሥራ ገፋው፤ የጋብቻ ክልከላም በዚያው አስቀረው ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የነገሥታቱ ዐዋጆች ይህን ሥር አልነኩትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው ማዋረድን ከልክለው፣ ጥበበኛን መስደብ ንጉሡን ራሱን እንደ መስደብ እንዲቆጠር አደረጉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ግዴታ ገባች፤ በዚያው ዓመት፣ ቀጥሎም በ1923 ዓ.ም.፣ በመጨረሻም በ1934 ዓ.ም. የወጡት ሕጎች ባርነትን በየደረጃው አፈረሱት። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደነገገ። አንዱ ሕግ ስድብን፣ ሌላው ሰንሰለትን ከለከለ፤ ርስት ግን እንደ ቀድሞው በዘር ይቆጠር ነበር።

ትምህርትም የነገሩን ባሕርይ በሌላ ወገን ገለጠው። በባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ተቋቁሞ የብረታ ብረትና የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ይሰጥ ጀመር። ዲፕሎማ ይዞ በብረት የሚሠራውን የባላገር ልጅ ቡዳ ያለው የለም፤ ቴክኒሺያን ተባለ እንጂ። ብረቱ ያው ብረት፣ እሳቱም ያው እሳት ነው፤ የተናቀው ሥራው ሳይሆን የሠሪው ዘር እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። የቀጥቃጭ ልጅ ግን ከአባቱ ወናፍ ሥር ተቀምጦ የተማረው ዕውቀት ለትምህርት ቤቱ መግቢያም ሆነ ለምስክር ወረቀት አልተቆጠረለትም።

የርስትን ሥርዓት የናደው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው። ዐዋጁ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ በጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ መሬት የሚያገኝበትን ሕግ አቆመ፤ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ዋናውን አባት ቆጥሮ በዳኛ ፊት መሬት መጠየቅ ቀረ። ይሁን እንጂ ዘር ቆጠራው ከዳኛው ፊት ቢወጣም በጋብቻ ሽማግሌዎች ዘንድ መኖሩን አልተወም። ይህ የጎጃም ብቻ ጠባይ አይደለም። በጃፓን፣ ከብት በማረድና ቆዳ በመፋቅ ሥራ ምክንያት እንደ ርኩስ ይታዩ የነበሩት ሰዎች የተለየ ማዕረጋቸው እ.ኤ.አ. በ1871 በዐዋጅ ተሽሯል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የመንደሮቻቸው ስም ዝርዝር ሠራተኛ ለሚቀጥሩ ድርጅቶች በምስጢር ይሸጥ እንደ ነበረ ተገልጧል።

እንግዲህ የእኩልነትን ታሪክ ከዐዋጆች ብቻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ይተዋል። ዐዋጁ ሰው ምን እንዳይባል እንደ ተከለከለ ይነግረናል፤ ሰው ምን እንደ ተነፈገ የሚነግረን ግን የርስት ክርክሩ፣ የትምህርት ቤቱ ደጅና የጋብቻው ሽምግልና ነው።