ማን አነሳ፣ ማን ተነሳ

በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ቀይ ባሕር ዳርቻ ካለችው ዙላ ሲወርድ፣ ከሕንድ ካመጣቸው 44 ዝሆኖችና ከባቡር ሐዲዱ ጋር የፎቶግራፍ መሣሪያም ይዞ ነበር። የጦሩ መሐንዲሶች ጭነት የሚራገፍበት፣ ወደ ባሕሩ ዘልቆ የሚገባ መድረክ ሠሩ። ከእነሱ መካከል ፎቶግራፍ የተማሩት ደግሞ ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ እያባዙ ለመኮንኖች ማደል ሆኖ፣ እግረ መንገዳቸውን ሰፈሩን፣ ተራራውንና ያገኙትን ሰው እያነሱ እስከ መቅደላ ዘለቁ። ካሜራው ከባሕር ወደ ደጋ የወጣው በጦር ጓዝ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት የ7 ዓመቱ የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በተቃራኒው ከደጋ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ፣ ዋይት ደሴት ደረሰ፤ ዝነኛዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም እዚያ ፎቶ አነሳችው። አባቱ በሚያዝያ፣ እናቱ በግንቦት ሞተውበታል። ከፎቶዎቹ በአንደኛው አብሮት ያለው አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ እንግሊዛዊው ራሱ ያበሻ ልብስ ለብሷል። ልጁን ግን ልነሳ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ እንዲመርጥ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም።

የአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ መሣሪያው ከገባበት ዓመት ይልቅ ሰው በራሱ ፈቃድ «ፎቶ ልነሳ» ካለበት ጊዜ ቢቆጠር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ቋንቋችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። አንሺው ያነሳል፤ ተነሺው ግን «ተነሳሁ» ሲል ከተቀመጠበት ብድግ እንዳለ ሰው ይናገራል። በዚያ ዘመቻም ቢሆን ተነሺው ሁሉ ያለፈቃዱ አልተነሳም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። የኋላው አፄ ዮሐንስ፣ ያኔ ደጃዝማች ካሣ፣ ሹማምንቱን አስከትሎ በእነዚያው መሐንዲሶች ፊት ተነስቷል። እሱ ግን ጦሩን በአገሩ ያሳለፈ፣ በምላሹም መድፍና ጠመንጃ ያገኘ መስፍን ነበር። ፈቃዱን የሚጠየቀው የሚፈለግ ነገር በእጁ ያለው ሰው ነበር።

በፈቃድ የመነሳት ዕድል ወደ ተራው ሰው ለመውረድ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ የወረደውም በእንጦጦ ግርጌ በበቀለችው ከተማ፣ በአዲስ አበባ ነው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ደፉ። በ1890ዎቹ መጨረሻ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን መጥቶ የቤተ መንግሥታቸው ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሥራውን ወረሱ። ኋላ ፎቶ ቤቶች ሲበዙ ሠራተኛውም ተማሪውም ከፍሎ የሚነሳበት ዘመን መጣ። ጉርዱ ለመታወቂያ ነበር፤ ሙሉ ቁመቱ ለዘመድና ለወዳጅ። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ «ለማስታወሻ» ተብሎ የሰጪው ስምና ቀኑ ይጻፍበት ነበር። እኔ ይህን የጀርባ ጽሑፍ ከፊት ካለው ምስል አላሳንሰውም፤ ተነሺው ማን እንደሆነ የሚናገረው በራሱ እጅ ነውና።

ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ሰው ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በየካቲት 16 ለንግሥ የምትመጣ ሴት ካሜራ ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጇን ጠጋ አድርጋ ትቆማለች፤ ተነሳች ማለት ይህ ነው። ጠበል ላይ ያለ በሽተኛ ግን ፊቱን ቢሸፍን፣ ያም ውሳኔ ነው፤ የዚያ ቦታ ታሪክ ያለፎቶ መቅረቱን እንደ ጉድለት አላየውም። ከዳገቱ ደግሞ በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ያተረፈልን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች አሉ። የሸክሙ ገመድ ደረታቸውን ሰንጎ፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል ሲወርዱ ስንቱ እንግዳ አንስቷቸዋል! ፎቶው ባይኖር ድካማቸውን ማን ያውቅላቸው ነበር የሚለው ሙግት ቀላል አይደለም፤ በዚያ ዘመቻ የተነሱትም ፎቶዎች ባይኖሩ የዘመኑን ሰው መልክ ባላወቅን። ነገር ግን ድካሟን ማሳወቅና ስሟን መጠየቅ አይጣሉም። ሸክሟን አውርዳ፣ ላቧን ጠርጋ፣ ቀና ብላ ለመነሳት የሚበቃት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፎቶው ለእሷም ቢደርሳት ጀርባው ላይ የምትጽፈው፣ ወይ ልጇን የምታስጽፈው አታጣም። ዛሬ በመጽሐፍና በፖስት ካርድ ላይ ከምስሏ ግርጌ የምናነበው ግን «እንጨት ተሸካሚ፣ እንጦጦ» የሚል ነው።