ጀነራሉና ከንቲባው ሲጨቃጨቁ፡ የአልጄሪያ ሙስሊሞች መሬት እንዴት ሄደ?



ስለ አልጄሪያ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የአሚር አብዱልቃድርን ተጋድሎና የ1962ቱን ነፃነት ነው። በሁለቱ መካከል ግን ከጦርነቱ ባልተናነሰ አገሩን የለወጠ ሌላ ታሪክ አለ። እሱም የመሬት ታሪክ ነው። ፈረንሳይ አገሩን በጦር ኃይል ያዘች። ከዚያ በኋላ መሬቱ ማን እንደሚያስተዳድረውና ማን እንደሚያርሰው፣ የጦር መኮንኖቿና የሲቪል ሹማምንቷ አርባ ዓመት ሙሉ ተከራከሩ። በክርክሩ ውስጥ ያልተጠየቀው የመሬቱ ባለቤት ብቻ ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ቃል ኪዳኑና ወቅፉ

ሐምሌ 5 ቀን 1830 የአልጀርስ ገዥ ደይ ሑሴን እጃቸውን ሲሰጡ፣ ከፈረንሳዩ ጦር አዛዥ ከጀነራል ቡርሞ ጋር ስምምነት ተፈራርመው ነበር። ስምምነቱ የነዋሪው ሃይማኖት፣ ንብረትና ንግድ እንደማይነካ ቃል ይገባል። ሁለት ወር ብቻ ቆየ። በመስከረም 1830 አዲሱ አዛዥ ጀነራል ክሎዜል ባወጣው ትእዛዝ፣ የቀድሞው መንግሥት መሬትና ለመካና ለመዲና የተሰጠው ወቅፍ ተወረሰ።

ወቅፍ ማለት ምን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። አልጀርስ ውስጥ የመስጂዱ ጥገና፣ የኢማሙ ቀለብ፣ የቁርኣን ተማሪው ምግብ፣ የድሃው ምጽዋት የሚወጣው ከወቅፍ ቤቶችና ከወቅፍ እርሻዎች ኪራይ ነበር። ወቅፉ ሲወረስ መስጂዱ ወዲያው ባይፈርስም፣ የሚቆምበት እግር ተቆረጠ።

መስጂዶቹም ቢሆኑ አልተረፉም። በከተማው መሀል ለወታደር ሰልፍ የሚሆን ሰፊ አደባባይ ሲያስፈልግ የሰይዳ መስጂድ ፈረሰ። በ1832 መጨረሻ ላይ የኬቻዋ መስጂድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀየር ሲወሰን፣ ሕዝቡ ውስጡ ተሰብስቦ ተቃወመ። ወታደሩ በኃይል አስወጣው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ?

አንድ አገር፣ ሁለት ጌቶች

ከወታደሩ ኋላ ሰፋሪው መጣ። በ1840ዎቹ አገረ ገዥ የነበረው ማርሻል ቡዦ መሬቱን ለጡረተኛ ወታደሮች ሰጥቶ «በሰይፍና በማረሻ» ማቅናት ይፈልግ ነበር። ጥቂት ወታደራዊ መንደሮችንም አቋቋመ። ሲቪሎቹ ሰፋሪዎች ግን በጀነራል መታዘዝ አልፈለጉም። የራሳቸው ከንቲባ፣ የራሳቸው ፍርድ ቤት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገደብ የሌለው የመሬት ገበያ ፈለጉ። በ1847 የፈረንሳይ ፓርላማ ለቡዦ ዕቅድ ገንዘብ ነፈገው፤ እሱም ሥልጣኑን ለቀቀ።

በ1845 የወጣ ድንጋጌ አገሩን ሲቪል፣ ቅይጥና የዐረብ ግዛት ብሎ ከፋፈለው። በኋላ ክፍፍሉ ሲቪልና ወታደራዊ ወደሚሉ ሁለት ግዛቶች ጠበበ። በሲቪሉ ግዛት የሚገዛው ፕሬፌው (የክፍለ አገሩ ሹም) እና ከንቲባው ነው። በወታደራዊው ግዛት የሚገዛው ጀነራሉ ሲሆን፣ ከሥሩ በ1844 የተቋቋመው «የዐረብ ቢሮ» የሚባለው መሥሪያ ቤት አለ። የቢሮው መኮንኖች ዐረብኛ ተምረው፣ ግብር እየሰበሰቡ፣ ጎሳዎቹን በሹሞቻቸው በኩል ይገዙ ነበር።

ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ «ወሰኑ የት ላይ ይሰመር?» የሚል ሆነ። ሰፋሪዎቹ በጋዜጣና በአቤቱታ ወሰኑ እንዲሰፋ ወተወቱ። አንድ ጎሳ ከወታደራዊው ወደ ሲቪሉ ግዛት ሲዛወር መሬቱም ወደ ገበያው ይቀርባል ማለት ነውና። የጦሩን አገዛዝ «የሻምላ አገዛዝ» እያሉ ያወግዙት ነበር። መኮንኖቹ በበኩላቸው ጎሳው መሬቱን ካጣ ያምፃል፣ ዐመፁን የምናበርደው ደግሞ እኛው ነን ብለው ይከራከሩ ነበር።

ልብ በሉ፣ መኮንኖቹ የሙስሊሙ ወዳጅ ስለሆኑ አልነበረም። በ1850ዎቹ «ጎሳው ከሚያስፈልገው በላይ መሬት ይዟል» በሚል ሰበብ ከጎሳዎች መሬት እየተቆረጠ ለሰፈራ ሲወሰድ፣ ይህ የተፈጸመው በጦር አስተዳደር ዘመን ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤ

በ1860 ናፖሊዮን ሦስተኛ አልጄሪያን ጎበኘ። በዚያን ጊዜ ጆሮውን ካገኙት ሰዎች አንዱ ኢስማዒል ኡርባን ነበር። ኡርባን በ1812 በደቡብ አሜሪካ በፈረንሳይ ጉያና ከቅልቅል ቤተሰብ የተወለደ፣ በ1835 ግብፅ ውስጥ እስልምናን የተቀበለ የመንግሥት አስተርጓሚ ነው። በብዕር ስምና ያለ ስም ባሳተማቸው ትንንሽ መጻሕፍት፣ መሬቱ ለአልጄሪያውያን ይቅር፣ አውሮፓዊው በንግድና በኢንዱስትሪ ይሠማራ ሲል ተሟገተ።

በየካቲት 1863 ንጉሠ ነገሥቱ ለአገረ ገዥው ለማርሻል ፔሊሲዬ ደብዳቤ ጻፈ። አልጄሪያ የዐረብ መንግሥት እንጂ ተራ ቅኝ ግዛት አይደለችም፤ እኔም የፈረንሳዮች ብቻ ሳልሆን የዐረቦችም ንጉሥ ነኝ የሚል መልእክት ነበረው። ደብዳቤው የተላከለት ፔሊሲዬ ማን ነበር? በ1845 በዳህራ ተራሮች ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉትን የኡላድ ሪያሕ ጎሳ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በጢስ አፍኖ ያስገደለው ያው መኮንን!

በሚያዝያ 22 ቀን 1863 የወጣው ሕግ ጎሳዎቹ በቋሚነት ሲጠቀሙበት የኖሩት መሬት ባለቤት ናቸው አለ። ይህን ለመፈጸም ሦስት ደረጃ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ የጎሳው ወሰን ይለካል፣ ቀጥሎ በጎሳው ውስጥ ላሉት መንደሮች ይከፈላል፣ በመጨረሻ በግለሰብ ስም ይመዘገባል። መኮንኖችና የሲቪል ሹማምንት አንድ ላይ የተቀመጡባቸው ኮሚሽኖችም ልኬታውን ጀመሩ።

ሕጉ ጋሻ መሰለ። ነገር ግን መሬት በዚያ አገር በአብዛኛው የወል ነበር። «ዐርሽ» የሚባለው የጎሳ መሬት በእኛ አገር ርስት ይባል ከነበረው ጋር በከፊል ይመሳሰላል፤ ቤተሰቡ ያርሰዋል፣ ልጅ ይወርሰዋል፣ ለባዕድ ግን አይሸጥም። ሦስተኛው ደረጃ ይህን ግንብ የሚንድ በር ነበር። መኮንኖቹ በሩን ዘግተው ያዙት፤ ቁልፉ ግን ሕጉ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

ከድጡ ወደ ማጡ

ከዚያ መከራው ተደራረበ። በ1866 አንበጣ፣ በ1867 ድርቅና ኮሌራ፣ በ1868 ረሀብ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። የመጃና ባለ ሥልጣን የነበሩት ሙሐመድ አል ሙቅራኒ ሕዝባቸውን ለመመገብና ዘር ለማስገኘት፣ የጦር አስተዳደሩን ቃል አምነው በራሳቸው ዋስትና ተበደሩ።

በመስከረም 1870 ናፖሊዮን በፕሩሲያ ተሸንፎ ወደቀ። አዲሱ መንግሥት በጥቅምት ድንጋጌዎች አልጄሪያን ከጦሩ አውጥቶ ለሲቪል አስተዳደር ሰጠ። ሰፋሪው ጨፈረ። ሙቅራኒ ግን የተሰጣቸው ቃል ከሰጡት ሰዎች ጋር አብሮ መሄዱን አዩ፤ አበዳሪዎች ዕዳቸውን ጠየቁ፣ ዋስ የሆናቸው አስተዳደር የለም። በመጋቢት 1871 ተነሱ። በሚያዝያ የረሕማኒያ ጠሪቃ መሪ አዛውንቱ ሸይኽ አል ሐዳድ ጂሀድ አወጁ፤ ዐመፁ በምሥራቁ አገር ተቀጣጠለ። ሙቅራኒ በግንቦት 5 ተገደሉ። ሸይኹ በ1873 በቁሰንጢና እስር ቤት ሞቱ።

ዐመፁ ሲበርድ በሕዝቡ ላይ 36.5 ሚሊዮን ፍራንክ ቅጣት ተጣለ፤ 446,000 ሔክታር ያህል መሬትም ተወረሰ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ በጀርመን ከተነጠቁት ከአልዛስና ከሎሬን ለሚመጡ ስደተኞች 100,000 ሔክታር የአልጄሪያ መሬት መደበች። አውሮፓ ውስጥ የጠፋው መሬት የተተካው ሽንፈቱን ባልፈጠሩት ሰዎች መሬት ነበር።

በሐምሌ 1873 ደግሞ የቫርኒዬ ሕግ ወጣ። ቫርኒዬ ራሱ የቀድሞ የጦር ሐኪም የነበረ የሰፋሪዎች ተወካይ ነው። ሕጉ የአልጄሪያን መሬት በሙሉ በፈረንሳይ ሕግ ሥር አደረገው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ደላላ ከአንድ ቤተሰብ የወል መሬት የአንዱን ወራሽ ድርሻ በትንሽ ዋጋ ይገዛል። «በወል ልኖር አልገደድም፣ ይከፈልልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ብዙ ወራሽ ያለው መሬት መከፈል ስለማይችል ለጨረታ ይቀርባል። የዳኝነቱና የጠበቃው ወጪ የቤተሰቡን ድርሻ ይበላዋል። ገዢውም ያው ደላላ ወይም ከኋላው ያለው ሰፋሪ ይሆናል። ጥይት አልተተኮሰም፤ ሁሉም በማኅተም ነው። ነፃነት ሊመጣ ሲል፣ በ1954 ገደማ፣ በአውሮፓውያን እጅ 2.7 ሚሊዮን ሔክታር ያህል መሬት ነበር፤ ለም ከሚባለው ውስጥ ብዙው ማለት ነው።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ሁለት ባለ ሥልጣናት ስለ አንተ መሬት ሲከራከሩ አንዱ የተሻለ ስለመሰለህ ብቻ አትረጋጋ። በጦር አስተዳደሩ ቃል የተበደሩት ሙቅራኒ፣ አስተዳደሩ ሲነሳ ዕዳው ብቻ ቀራቸው። ጥበቃው ከሹሙ በጎ ፈቃድ የመጣ ከሆነ ከሹሙ ጋር ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ መልካም የሚመስል ሕግ ሲወጣ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ማንበብ ነው። የ1863ቱ ሕግ የመጀመሪያው ደረጃ ጎሳውን ባለቤት አደረገ፣ ሦስተኛው ግን ለ1873ቱ መንገድ ጠረገ።

ሦስተኛ፣ ወቅፍ የኢባዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሰነድም ጉዳይ ነው። የመስጂዳችሁ ቦታ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ካርታው የት እንዳለ፣ ወሰኑን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እነማን እንደሆኑ ዛሬ ጠይቁ። ሽማግሌው በሕይወት እያለ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ካለፈ በኋላ ከሚደረግ የዓመታት ክርክር ይበልጣል።

የኬቻዋ መስጂድ በ1962 ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ። ለመመለስ 130 ዓመት ፈጅቷል።

ወላሁ አዕለም።