ቀይ ባሕርን የሚሻገሩ ልጆቻችን



እ.ኤ.አ. በ615 የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። ዛሬ ልጆቻችን እንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ይሻገራሉ። ለምን? ድህነት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ድህነቱማ ድሮም ነበረ።

እ.ኤ.አ. ከ1973 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ያህል ሲንር፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግንበኛውንም የቤት ሠራተኛውንም ከውጭ በብዛት ማስመጣት ያዙ። በደርግ ዘመን ከአገር መውጣት ብርቱ ቁጥጥር ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ በሩ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የሄደችው እኅቷን ትጠራለች፤ ጎረቤትም የጎረቤቱን አዲስ ቆርቆሮ አይቶ ልጁን ይልካል። የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንት ይህን «የስደት ሰንሰለት» ይሉታል።

በከፋላ ሥርዓት ደግሞ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነበር፤ በደል ሸሽታ ከቤቱ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ፤ ብዙዎቹም ባዶ እጃቸውን።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ገበያና ሕግ ያመጡትን ጉዳት በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ አንጫን። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ከማለታችን በፊት፣ ነጃሺ ስደተኞቹን እንደተቀበሉ በክብር እንቀበላት።