ስም ያልተጻፈላቸው ሁለት ሕፃናት



ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጊ ከሆነ ይህች ቀን አንድ ጊዜ መምጣቷ አይቀርም። ልጅሽ ከትምህርት ቤት የወርቅ ጭንብል የተሳለበት ወረቀት ይዞ ይመጣና «እማ፣ ሙሳን ያሳደደው ፊርዐውን ይሄ ነው?» ይልሻል። የእኔው ሲጠይቀኝ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔም ወጥ እያማሰልኩ «አዎ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ደግነቱ ዝም አልኩ። «ፊርዐውን» የማዕረግ መጠሪያ እንጂ የአንድ ሰው ስም አይደለም። በጥንቱ የግብፅ ቋንቋ ትርጉሙ «ታላቅ ቤት» ነው፤ መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ የሚጠራበት ቃል ኋላ ለንጉሡ ሆነ። ቁርኣን የሙሳን (ዐለይሂ ሰላም) ዘመን ፊርዐውን በግል ስሙ አይጠራውም። በዋትስአፕ የሚዞሩት ቪዲዮዎች አንዱ ራምሴስ ነው፣ ሌላው መርነፕታህ ነው እያሉ ይምላሉ፤ የታሪክ ማስረጃ ግን እዚያ ድረስ አይወስድም። አላህ ያልጠቀሰውን ስም እኛ አንጨምርም አልኩት።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቱታንካሙን ነው። ገና በልጅነቱ ነግሦ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከዛሬ 3300 ዓመት ገደማ በፊት የሞተ ወጣት ነው።

ከእሱ በፊት የነበሩት የጥንት ነገሥታት ፒራሚድ ያሠሩ ነበር። የኩፉ ፒራሚድ ሲሠራ ቁመቱ 146 ሜትር ያህል ነበር፤ ለሌባ ከሩቅ «እዚህ ነኝ» እንደማለት ነው። ስለዚህ የኋለኞቹ መደበቅን መረጡ። ዛሬ ሉክሶር በምትባለው ከተማ ፊት ለፊት፣ ከአባይ ማዶ ባለው ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ዐለቱን እያስፈለፈሉ 500 ዓመት ያህል ተቀበሩበት። የነገሥታት ሸለቆ የሚባለው እሱ ነው፤ እስካሁን ከ60 በላይ መቃብር ተገኝቶበታል።

መደበቁም አላዳናቸውም። የሌቦቹ የፍርድ መዝገብ በፓፒረስ ተጽፎ ለእኛ ደርሷል፤ ከተከሳሾቹ መሐል ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩበት። በመጨረሻ ካህናቱ የተዘረፉትን አስከሬኖች እየሰበሰቡ ገደል ውስጥ ባለ አንድ ዋሻ ሸሸጓቸው። እ.ኤ.አ. በ1881 ባለሥልጣናት ዋሻውን ሲደርሱበት ራምሴስ ዳግማዊን ጨምሮ ከ50 በላይ አስከሬን ተገኘ። በመርከብ ወደ ካይሮ ሲወሰዱ የመንደሩ ሴቶች በወንዙ ዳር እየተከተሉ፣ ልክ የቤታቸው ሰው እንደሞተባቸው ሙሾ ያወርዱ እንደነበር ተጽፏል። ማንን እንደሚያለቅሱ በደንብ ያወቁት አይመስለኝም፤ ብቻ አስከሬን ሲወጣ ሴት ታለቅሳለች።

የቱታንካሙን መቃብር ግን ቀረ። ሌቦች ገና በጥንቱ ሁለት ጊዜ ገብተውበት ነበር፤ ተመልሶ ታሸገ። ኋላ ከጎኑ ሌላ መቃብር ሲቆፈር የወጣው ድንጋይና አፈር መግቢያውን ቀበረው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1922 የሃዋርድ ካርተር ሠራተኞች የመጀመሪያውን ደረጃ አገኙ። አራት ትንንሽ ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ ከውስጣቸው ግን ከ5000 በላይ ዕቃ ወጣ። ዕቃውን አውጥቶ ለመጨረስ አሥር ዓመት ፈጀ። ሠረገላ፣ አልጋ፣ ጫማ፣ የወይን ጠጅ እንስራ፣ 110 ኪሎ የሚመዝን የጥሩ ወርቅ ሬሳ ሣጥን... ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚማሩት ይህንን ነው።

የማይነገራቸው ሌላ ነገር አለ። ከክፍሎቹ በአንዱ፣ ከወርቁ መሐል፣ ምንም ያልተሳለበት ተራ የእንጨት ሣጥን ነበር። ሲከፈት ሁለት ትንንሽ የሬሳ ሣጥኖች ወጡ፤ በየውስጣቸው ደግሞ በወርቅ የተለበጡ ሌሎች ሣጥኖች። በእነዚያ ውስጥ ሁለት ሴት ሕፃናት ነበሩ፣ እንደ ንጉሡ በጨርቅ ተጠቅልለው። አንደኛዋ በአምስትና በስድስት ወር መሐል የወጣች ናት፤ ሁለተኛዋ መወለጃዋ የተቃረበ ነበረች። ሣጥኖቹ ላይ ሟች ሁሉ የሚጠራበት «ኦሲሪስ» የሚለው የጣዖታቸው ስም ብቻ ተጽፏል። የራሳቸው ስም የለም።

እናታቸው የንጉሡ ሚስት አንኬሰናሙን እንደሆነች ይታመናል። ሌላ ልጅ እንደነበራቸው የሚያሳይ ነገር አልተገኘም፤ ዙፋኑም አይ ወደሚባል የቤተ መንግሥት ሽማግሌ ሄደ። እሷ ከዚያ በኋላ ከመዝገብ ትጠፋለች። መቃብሯ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ይህን ያነበብኩ ዕለት አንዲት ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ። በስድስተኛ ወሯ ወረደባት። እናት አጠገቧ የለች፣ ባሏ ሥራ ላይ፤ ሆስፒታሉ ወረቀት አቀረበላት፣ ፈረመች። በአስተርጓሚ በኩል ምን እንደፈረመች የገባት ከሳምንት በኋላ ነው። ለቅሶ የመጡትም «አይዞሽ፣ ገና አላየሽው፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አሏት። ክፋት የለውም፤ ግን እሷ አይታው ነበር።

እህቴ፣ አራት ወር የሞላው ጽንስ በእኛ ዲን ታጥቦ፣ ተከፍኖ የሚቀበር ነው። ሰላተል ጀናዛ ላይ ዑለሞች ይለያያሉ፤ ስም ቢወጣለት የሚወዱም አሉ። ያንቺን የመስጂድ ኢማም ጠይቂ። ሆስፒታል ወረቀት ሲሰጡሽ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት «ልጄን ወስጄ መቅበር እችላለሁ ወይ?» በይ፤ ቋንቋው ካልሆነልሽ ስልክ ደውለሽ የሚችል ሰው ጥሪ።